ልጅቷ የሌለችበት መስመር

ልጅቷ በጀርባዋ ተንጋላ ተገኘች። አንዱ ጫማ እግሯ ላይ ነው፤ ሌላው ከራስጌዋ ወድቋል። ከጎኗ ጎማ ያለው የብረት መቆሚያ ተገልብጧል። ከበላይዋ ትልቁ ዲሽ፣ ወርዱ ሰባት ሜትር፣ ፊቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ቆሟል። ምንም ያላየ ይመስላል።

ሰኞ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ደመና የለም።

መርማሪው ሬሳውን አንድ ጊዜ ዞረው። አልነካውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሬሳ አይቷል፤ አልለመደውም። ለመድን የሚሉትንም አያምናቸውም።

ከግድግዳው ሥር ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ቁጢጥ ብሏል። ሁለት እጁን ከፊቱ ዘርግቶ ያያቸዋል።

«አንተ ማነህ?»

«የዲሹ መካኒክ ነኝ።»

«ያገኘሃት አንተ ነህ?»

«ያገኘኋትም የገደልኳትም እኔ ነኝ።»

መርማሪው ማስታወሻ ደብተሩን ሊያወጣ ኪሱ የገባ እጁን እዚያው አቆመው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው ያስፈራዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ዳቦ ጋጋሪ እንዲሁ «እኔ ነኝ» ብሎት ነበር። ቃሉን ሁለት ገጽ ጽፎ አስፈረመው። እውነተኛው ጥፋተኛ ሲገኝ ጋጋሪው እስር ቤት ከሞተ ሰባት ወር ሆኖት ነበር። መርማሪው ዛሬም ዳቦ ቤት አይገባም። ለምን እንደሆነ ለሚስቱም ነግሯት አያውቅም።

«በምን ገደልካት?» አለ።

«በቁልፍ።»

መካኒኩ እያደናቀፈውም ቢሆን አስረዳ። የዲሹ ሞተር የሚሠራው ቁልፉ ሳጥኑ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ማንም ወደ ዲሹ ሲወጣ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል፤ ሕጉ ይሄ ነው። ቁልፉ ሰው ኪስ ውስጥ እያለ ዲሹ ንቅንቅ አይልም። ቁልፉ ገብቶ ከዞረ ግን መጀመሪያ ፊቱን ወደ ሰማይ ያዞራል፤ መንገዱ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

«ልጅቷ ሰኞ ሰኞ የዲሹን ፊት ትጠርጋለች። ቁልፉን ትወስዳለች። አንዳንዴ ግን ትረሳዋለች፤ ጠረጴዛው ላይ ትተወዋለች። እኔ ደግሞ በየቀኑ ሦስት ሰዓት ሲሆን ቁልፉን ከትቼ አዞራለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት። እጄ ነው የሚሠራው፤ እኔ ሌላ ነገር ሳስብ እጄ ይሠራል።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ሦስት ሰዓት ገደማ በክፍሉ አልፌያለሁ። ማለፌን አውቃለሁ። ቁልፉን ማዞሬን ግን አላስታውስም።»

«ካላስታወስክ ለምን እኔ ነኝ ትላለህ?»

«ስመለስ ቁልፉ ሳጥኑ ላይ ነበር፤ ዞሯል። ማን ያዞረዋል ሌላ?» እጆቹን ገለበጣቸው። «ጌታዬ፣ አምጣው ልፈርም። ማታ ቤቴ ገብቼ ሚስቴን ማየት አልችልም።»

መርማሪው አላስፈረመውም። ግን ሕግ ሕግ ነውና ወሰደው። ሐሙስ ጠዋት ዳኛ ፊት ይቀርባል። እዚያ ሲጠየቅ ምን እንደሚል መርማሪው ያውቃል። «እኔ ነኝ» ይላል፤ ያኔ መዝገቡ ይዘጋል። ያለው ጊዜ ከዛሬ እስከ ረቡዕ ማታ ነው።

ቁልፉ ላይ የአሻራ ባለሙያዋ የአራት ሰው አሻራ አገኘች። የሁሉንም። እዚያ የሚሠሩት አራቱም የሚይዙት ቁልፍ ነው።

*

ማክሰኞ ጠዋት መርማሪው ልጅቷ ወደምትሠራበት ክፍል ሄደ። ክፍሉ ረጅም ነው፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ ብዙ ሽቦ። እንደገባ አንድ ድምፅ ሰማ። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ይመስላል። ቀጭን፣ አንድ ወጥ፣ የማያቋርጥ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የእሷ ነው» አለው አማካሪ መምህሯ። ወፍራም፣ ደረጃ ወጥቶ የማይጨርስ ሰው ነው። ዓይኑ አብጧል። «ከሳተላይቱ የሚመጣው ምልክት ነው። ወደ ድምፅ ቀይራው፣ እያነበበች ትሰማዋለች። ዝናብ ሲመጣ ምልክቱ ይደክማል፤ ድምፁም ይወርዳል። መስኮት ሳታይ መዝነቡን ታውቃለች። ጓደኞቿ ዝናቧ ይሏት ነበር።»

«ለምን አልዘጋችሁትም?»

 መምህሩ በዓይኑ ወደ ጥግ አመለከተ።

ጥጉ ላይ፣ ልጅቷ ወንበር ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል። ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው፤ አንዷ ከአንጓዋ የለችም። አናጺ ነው። አባቷ። ሰኞ ከሰዓት ደርሶ ሬሳዋን ካየ በኋላ እዚህ መጥቶ ተቀመጠ። ማንም ተነሣ ሊለው አልደፈረም።

«ይሄ ድምፅ እሷ ናት ወይ?» ብሎ ጠየቀ መርማሪውን። ማልቀሱ የለም። የጣውላ ዋጋ የሚጠይቅ ያህል ረጋ ብሎ ነው።

«እሷ የሠራችው ነው፣ ወንድሜ።»

«እንግዲያው አትንኩት።»

መርማሪው አልነካውም። ግን ድምፁ አንገቱ ሥር ገባ። ጥርሱ ሥር ገባ። ሰው የሞተበት ቤት ዝም ማለት ነበረበት፤ ይሄ ቤት ዝም አይልም።

ሦስተኛው ጠረጴዛ የክፍል ጓደኛዋ ነው። ቀጭኑ ይሉታል። ስሙ የወጣለት ከወፍራሙ አማካሪ ጎን ቆሞ ፎቶ የተነሣ ዕለት ነው። ትሑት ልጅ ነው፤ ሰው ሲገባ ይነሣል፣ ወንበር ይስባል። ልጅቷም እሱም በሳተላይት ኮሙኒኬሽን ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪያቸውን እየጨረሱ ነበር። እሷ እዚህ ባለው ዲሽ ዝናብን ትለካለች፤ እሱ ከከተማው ውጭ ኮረብታ ላይ በቆመ ትንሽ ዲሽ። የሁለቱ ልኬት ተጋጥሞ አንድ ትልቅ ሥራ ይወጣዋል። እሱ መመረቂያ ጽሑፉን ለፈታኞች የሚያቀርበው በመጪው ማክሰኞ ነው።

«ሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቤተ መጻሕፍት፣ ጋሼ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስመጣ ሰው ሲሮጥ አየሁ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ጠዋት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማን ማንን ያያል?» ብሎ በሐዘን ፈገግ አለ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ይርዳዎት እንደሆነ፤ ዲሹ የሚሰማውን ሁሉ ኮምፒዩተር በየሰከንዱ ይመዘግባል። የሰኞን አውጥቼልዎታለሁ።»

አንድ ወረቀት ሰጠው። ወረቀቱ ላይ ክር የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር አለ። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ መስመሩ ገደል ይገባል።

«ይሄ ዲሹ የዞረበት ነው። ፊቱን ከሳተላይቱ ሲያነሣ ምልክቱ ይጠፋል። ልክ ሦስት ሰዓት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መካኒኩ ክፉ ሰው አይደለም፣ ጋሼ። እንዲህ ነው ልማዱ፤ ሁላችንም እናውቃለን። እባክዎ አይጨክኑበት።»

መርማሪው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ለሚያዝንለት ሰው መሰቀያ ገመድ የሚያቀብል ሰው ብዙ ጊዜ አይገጥመውም። ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ ወደሚችለው ሄደ። ሰው ወደ መጠየቅ።

*

«አርብ ዕለት ጮኸውባታል ይባላል።»

አማካሪው በሩን ዘጋ። «ማን አለ?»

«ግድግዳው። ጮኸውባታል ወይስ አልጮኹባትም?»

«ጮኼአለሁ።»

«ለምን?»

«የትምህርት ጉዳይ ነው።»

«የሞተች ልጅ የትምህርት ጉዳይ የላትም። ሰኞ ሦስት ሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን።»

«ጥሩ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

«ልጅቷ በእርስዎ ላይ የያዘችው ነገር ነበር?»

«በእኔ ላይ?» ሰውየው ወንበሩ ላይ ተዘረገፈ። «እኔ ለእሷ…» ብሎ ተወው።

መርማሪው ጠበቀ። ዝምታ የእሱ ዱላ ነው፤ ሌላ ዱላ ይዞ አያውቅም። መምህሩ ግን አልተናገረም። መርማሪው ሲወጣ በልቡ ከመካኒኩ አጠገብ ሁለተኛ ሰው አስቀምጦ ወጣ።

በግቢው በር የምትቆመዋ ጥበቃ፣ ወገቧን ይዛ ጠበቀችው።

«ጋሼ፣ ያን ምስኪን አሰራችሁት አሉ። እሱ እኮ ትኋን ገድሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው።»

«አንቺ ሰኞ እዚህ ነበርሽ?»

«የት እሄዳለሁ? ከዚህ በር ጋር ነው የተጋባሁት።»

«መካኒኩን አይተሽዋል?»

«እንዴት አላየውም። የቧንቧ ጭነት መጥቶ፣ ሹፌሩ ቸኩሎ፣ እሱ ደግሞ አንድ በአንድ ካልቆጠርኩ ብሎ ሲያነታርኩኝ ነበር። እዚህ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ከአምስት ነው፤ ሲሄድ ከሩብ አልፏል። መዝገቤ ላይ አለ።»

መርማሪው መዝገቡን አየ። ሦስት ሰዓት ከአምስት። ግን ኪሱ ያለው ወረቀት ዲሹ የዞረው ልክ ሦስት ሰዓት ነው ይላል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከቁልፉ ክፍል እስከ በሩ ይደረሳል። ሲንቀራፈፉም ይደረሳል። መዝገቡ መካኒኩን አላዳነውም፤ ይልቅ ከኋላው በሩን ቀረቀረበት።

*

አምስት ሰዓት ላይ ፎቶ አንሺው ፖሊስ መጣ። ዲሹን ሰኞ ማታውኑ ወደ ቦታው መልሰውት ነበር። ቦታውን ከላይ ለማንሣት መቆሚያው ላይ ወጣ። መርማሪው ግን ውጭ አልነበረም። ከአናጺው ጋር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። 

ድምፁ ወረደ።

አናጺው ብድግ አለ። «ዘነበ?»

መርማሪው ወደ መስኮቱ አየ። ፀሐይ ነው፤ የሚያቃጥል። ድምፁ ግን ወርዷል። ትንሽ። ሰው በእጁ አፍኖ እንደያዘው።

ቀጭኑ ከጠረጴዛው ቀና አላለም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ድምፁ ተመለሰ። በዚያው ቅጽበት ፎቶ አንሺው እጁን እያራገፈ በመስኮቱ አለፈ።

መርማሪው ተነሣ። ወጣና ፎቶ አንሺውን «እንደገና ውጣ» አለው።

«ምን ጎደለ?»

«ምንም። ቁምልኝ ብቻ።»

ተመልሶ ገባ። ድምፁ ወርዷል። ወጥቶ «ውረድ» አለው። ገባ። ድምፁ ቀንቷል።

የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደውም። ድምፁ አብሮት ቤቱ ገብቷል። ትራሱ ውስጥ ነው። ሰው ሲቆም ይወርዳል፤ ሰው ሲወርድ ይቀናል። ሰው ሲቆም…

*

ረቡዕ ጠዋት ወረቀቱን አማካሪው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«እኔ የተማርኩት እስከ ስምንት ነው» አለ። «ስለዚህ እንደ ሕፃን ይታገሡኝ። ሰው ከዲሹ ፊት ሲቆም ምልክቱ ይቀንሳል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሰውነት ጥላ ይጥላል። ትንሽ ቁልቁለት ይታያል።»

«ልጅቷ ሰኞ ስንት ሰዓት ወጣች?»

«ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ላይ ትወጣለች።»

መርማሪው ጣቱን መስመሩ ላይ አኖረ። ከመጀመሪያው እስከ ገደሉ ድረስ ቀስ ብሎ ሳበው። ቀጥ ያለ ነው። እንከን የለውም።

«ታዲያ ልጅቷ የት አለች?»

መምህሩ አጎነበሰ። መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ከንፈሩ ነጣ።

«የለችም» አለ። «በዚህ ወረቀት መሠረት ማንም አልወጣም።» ከዚያ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ቀጠለ። «ይሄ የተጠረገ ፋይል ነው። እኛ ዝናብ ነው የምንፈልገው። ወፍ ሲያልፍ፣ ሰው ሲቆም፣ ዝናብ ያልሆነ ቁልቁለት ሁሉ ቆሻሻ ነው፤ ጠርገን እናወጣዋለን። ሁለት ዓመት የሠራነው ይሄንን ነው። ዓይን ያየውን እጅ ሳያስብ ይጠርገዋል።»

«ማን ጠረገው?»

«የሚጠርገው እሱ ነው። ቀጭኑ። ሌላ ማንም የለም።»

«ያልተጠረገውስ?»

መምህሩ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። ፈለገ። ላቡ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። «የሰኞው የለም። ጠፍቷል።»

መርማሪው በዝግታ ተቀመጠ። «አርብ ለምን ጮኹባት?»

አሁን ሰውየው አልተከላከለም። «መጥታ ‹ከሁለቱ ዝናቦች አንዱ ውሸት ነው› አለችኝ። ‹የማነው?› አልኳት። ‹እስከ ሰኞ ራሱ ይነግርዎታል፤ ካልነገረዎት እኔ እነግርዎታለሁ› አለች። ጮኽኩባት። በዚያ ሥራ ላይ ስሜ አለበት። ስሜን ነበር ያሰብኩት።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «አሳፍሮኝ ነው ያልነገርኩዎት።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ግን መጠርጠር ማስረጃ አይደለም። የተጠረገ ወረቀት ይዞ ዳኛ ፊት ቢቆም ቀጭኑ «ጋሼ፣ ልማድ ነው፤ እጄ ነው የጠረገው» ይላል። መካኒኩም እጄ ነው ይላል። ሁለት እጅ። ዳኛው የሚያምነው «እኔ ነኝ» የሚለውን ነው።

*

መካኒኩ በእስር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ከሰኞ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። የጫማ ማሰሪያውን ስለወሰዱበት ጫማው እግሩ ላይ ይንቀዋለላል።

«ዲሹ የሚሰማውን ከኮምፒዩተሩ ሌላ የሚመዘግበው ነገር አለ?» አለው መርማሪው።

«የለም» አለ መካኒኩ። ቆየና «ጌታዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለ። «ነገ ሐሙስ ነው። አሮጊቷ ወረቀቷ ያልቃል። የሚቀይርላት የለም።»

«አሮጊቷ ማናት?»

«ከባትሪው ክፍል ያለችው። መሥመር የምትስለው።»

መርማሪው ወደ ፊት ተጠጋ። «ምን የሚሉት መሥመር?»

«የዲሹን ነዋ። የድሮ ማሽን ናት፤ በብዕር ጥቅል ወረቀት ላይ ትስላለች። አማካሪው ሦስት ጊዜ ጣላት አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ እንዴት እጥላታለሁ? የሚያያት የለም፤ ለእኔ ብዬ ነው የማኖራት። ሰኞና ሐሙስ ወረቀት እቀይርላታለሁ።»

«አሁን ሌላ የሚመዘግብ የለም አልከኝ እኮ።»

«እሷን ማን ይቆጥራታል?» አለ መካኒኩ፣ ከልቡ ተገርሞ። «እኔንስ ማን ይቆጥረኛል።»

*

የባትሪው ክፍል ጠባብ ነው፤ አሲድ ይሸታል። አሮጊቷ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ትስላለች። ብዕሯ ጭር ጭር ይላል፤ ወረቀቷ በካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ ይወርዳል። ንጹሕ ጨርቅ አልብሰዋታል። ከጎኗ የእጅ ሰዓት ተሰቅሏል፤ መካኒኩ በየሰኞው ሰዓቷን የሚያስተካክልበት።

ከአማካሪው ጋር ጥቅሉን መሬት ላይ ተረተሩት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በጉልበታቸው እየዳሁ።

«ይሄ ማክሰኞ አምስት ሰዓት ነው» አለ መምህሩ። መስመሩ ላይ ጥፍር የምታህል ጉድጓድ አለች፤ ከእሷ ቀጥሎ ሌላ። «ፎቶ አንሺያችሁ ነው። ሁለት ጊዜ ወጥቷል።»

«ወደ ኋላ።»

ወረቀቱ እጃቸው ላይ ተንሻተተ። ሰኞ መጣ።

እዚያ ነበረች።

ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ላይ መስመሩ ትንሽ ወረደ። እንደ ፎቶ አንሺው፣ ትንሽ ሳሳ ያለ። አንዲት ቀላል ልጅ። ትጠርጋለች፤ መስመሩ ስትንቀሳቀስ ይርገበገባል። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሦስት ጉዳይ ላይ እንደገና ወረደ፤ እጥፍ። ሁለተኛ ሰው።

«ሁለት ናቸው» አለ መምህሩ በሹክሹክታ።

ሁለቱ ሰባት ደቂቃ ቆሙ። ሦስት ሰዓት ከአራት ላይ አንደኛው ጥላ በድንገት ጠፋ። እየቀነሰ አይደለም። ቁርጥ ብሎ። የቀረው ጥላ አንድ ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀስ ቆየ። ከዚያ እሱም ወረደ። መስመሩ ቀጥ አለ። አራት ደቂቃ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሦስት ሰዓት ከዘጠኝ ላይ ገደል ገባ።

መርማሪው ጣቱን አላነሣም። «ዲሹ አልጣላትም» አለ። «ዲሹ ሲዞር መሬት ላይ ነበረች። በዚያ ሰዓት መካኒኩ በሩ ላይ ቧንቧ ይቆጥራል።»

ከውጭ፣ ግድግዳውን አልፎ፣ ያ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። 

*

መርማሪው አናጺውን ለትንሽ ጊዜ ውጭ እንዲቆይ ለመነው። አናጺው ፊቱን አየው፤ ሳይጠይቅ ወጣ። አማካሪው ግን በሩ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

ቀጭኑ እንደ ልማዱ ተነሥቶ ወንበር ሳበ። መርማሪው ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከልጁ ፊት ዘረጋ።

«አንብብልኝ» አለ። «እኔ አላውቅበትም።»

ልጁ ተመለከተ። የተማረ ዓይን ነው፤ የሚያየውን ከማንበብ አይቆጠብም።

«ዝናብ አይደለም» አለ። «ጠርዙ ስለታም ነው። ሰው ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሁለተኛ…»

ቆመ።

«ሰዓቱን ጨምረህ አንብብ።»

ልጁ ቀለሙ ተገፈፈ። ጣቱ መስመሩን ነካ፤ ትኩስ ነገር እንደነካ ሸሸ። «ይሄ ከየት መጣ?»

«ከአሮጊቷ።»

«እሷ… እሷ ተጥላለች እኮ።»

«አልተጣለችም። የሰጠኸኝን ወረቀት ታስታውሳለህ? ዲሹ የዞረበትን ዘጠኝ ደቂቃ ወደ ኋላ ሳብከው፤ መካኒኩ ቁልፍ በሚያዞርበት ሰዓት። ብልህ ነህ። የራስህን ጥላ ጠረግህ። የእሷንም አብረህ ጠረግህ። የእሷ ጥላ ቢቀር ኖሮ አምንህ ነበር። ልጅቷ ወጥታ ወድቃለች ትለኛለህ፤ ወረቀትህ ግን ጭራሽ አልወጣችም ይላል።»

ድምፁ ክፍሉን ሞልቶታል። ልጁ በሁለት እጁ ጆሮውን ያዘ።

«ዝጉልኝ» አለ። «ሦስት ቀን ሙሉ ይሄን ነው የምሰማው። ዝጉልኝና እናገራለሁ።»

«ተናገርና እዘጋዋለሁ።»

ተናገረ። መጀመሪያ በቁርጥራጭ፣ በኋላ ሳይተነፍስ።

የኮረብታው ማሽን የተበላሸው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ለአማካሪው መንገር ፈራ። የአንድ ቀን ዝናብ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ፈጠረ። ሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ቀለለው። አሥራ ስድስት ወር ያልዘነበ ዝናብ አዘነበ። ሁሉም አመሰገኑት፤ ልኬቱ ንጹሕ ነው ብለው። ዝናቧ ብቻ ወረቀቱን አይታ ሳቀች። «ዝናብህ አይንተባተብም» አለችው። «እውነተኛ ዝናብ ይንተባተባል።» ከዚያ መሳቋን አቆመች።

«እስከ ሰኞ ሰጠችኝ። ሰኞ ልለምናት ወጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ጽሑፌን ላቅርብ፣ ከዚያ አስተካክለዋለሁ አልኳት። እናቴ ለመንደሩ ሁሉ ተናግራለች። ‹ሰው በዚህ ልኬት ላይ ተማምኖ ሌላ ነገር ይሠራል› አለችኝ። ጀርባዋን ሰጥታ መጥረግ ጀመረች። ገፋኋት። እምላለሁ፣ እንድትዞርልኝ ነበር የፈለግኩት።»

«ከዚያስ?»

«ወረድኩ።»

«አራት ደቂቃ ቆየህ። ምን ታደርግ ነበር?»

 መርማሪው ጠበቀ።

«ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነበር» አለ ልጁ። «ዓይኗ ክፍት ነው። ሳወጣው እጄን ያዘችኝ። እጄን ይሁን ቁልፉን አላውቅም። ብዙ አልያዘችም። ከዚያ ገብቼ አዞርኩት።»

አማካሪው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

መርማሪው ተነሣ። ከልጅቷ ጠረጴዛ ሥር መዝጊያውን ፈልጎ አገኘው። ቃሉን ጠበቀ። ክፍሉ ዝም ሲል፣ ዝምታው ከድምፁ የባሰ ነበር። ልጁ ጆሮውን እንደያዘ ቀረ።

*

መካኒኩን ረቡዕ አመሻሽ ላይ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ለቀቁት። መርማሪው ሁሉንም ነገረው። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ እንደነበር፣ እጁ እንዳልነካው፣ በዚያ ሰዓት በሩ ላይ ሲነታረክ እንደነበር። መካኒኩ እስከ መጨረሻው ሰማ። አልተደሰተም።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው እንግዲህ» አለ መርማሪው፣ ሊያቀልለት።

«አይጥም ይሁን ዳዋ…» አለ መካኒኩ። «ጌታዬ፣ እኔ እኮ ማዞሬን ማስታወስ ጀምሬ ነበር። ትናንት። የብረቱ ቅዝቃዜ ጣቴ ላይ ታወቀኝ። ዛሬ አላዞርክም ይሉኛል። የቱን ልመን?»

 ዳቦ ጋጋሪውም መጨረሻ ላይ እንዲህ ሳያስብ አይቀርም ብሎ አሰበ መርማሪው፤ ሁለቱን ገጽ በገዛ እጁ ሲፈርም አምኖበት ሊሆን ይችላል። ይህን ሲያስብ የመጀመሪያው ነው።

የጫማ ማሰሪያውን በፖስታ መለሱለት። መካኒኩ ከጣቢያው በር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሊያስገባው ሞከረ። እጁ አልታዘዝ አለው። የማሰሪያው ጫፍ ቀዳዳውን እየሳተ ይወድቃል።

አናጺው ከግቢው ማዶ ይመጣ ነበር። የሴት ልጁን ዕቃ በአንድ ሻንጣ ይዟል። እንዴት እንደሞተች መርማሪውን አልጠየቀውም ነበር። መርማሪው ስላልጠየቀው በልቡ አመስግኖታል። አናጺው አግዳሚው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«መካኒኩ አንተ ነህ?»

መካኒኩ ሊነሣ ሞከረ። «እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«አይደለህም አሉኝ።»

«እኔንም እንዲያ አሉኝ።»

«ግን አላመንክም።»

«ቁልፉን ጥለሽው ነው የምትሄጂው ብዬ አንድ ቀን ብቆጣት ኖሮ… ደውዬ ብጠራት ኖሮ…»

አናጺው ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቁጭ አለ። ማሰሪያውን ከመካኒኩ እጅ ወሰደ። በዘጠኝ ጣቱ አንዱን ቀዳዳ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ እንጨት እንደሚያጋጥም ሰው፣ ሳይቸኩል አስገባ።

«ይሄን ሻንጣ» አለ፣ ቀና ሳይል፣ «እሷን ወደዚህ ትምህርት ቤት ሳመጣት እኔ ነኝ የተሸከምኩት። አልሄድም፣ ሩቅ ነው ብላኝ ነበር። ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። ‹እኔ ነኝ› የሚሉት ሰልፍ ረጅም ነው፣ ልጄ። ከፊቱ የቆምኩት እኔ ነኝ። አንተ ከኋላዬ ነህ፤ ተራህ እንዲህ በቀላሉ አይደርስህም።»

ማሰሪያውን አጠበቀው። ሁለተኛውን ጫማ ሳበ።

መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁለቱ ሲነሡ፣ መካኒኩ ሻንጣውን ሲያነሣ፣ አናጺው ሳይከለክለው ሲቀር አየ። ወደ አውቶቡሱ ማቆሚያ ሄዱ።  ሽማግሌው ቀድሟል፤ መካኒኩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተለዋል።